ምስጋናና ጥቆማ፦ የጊሎው ጠረጴዛችንን ላደሰልን የለንደን ባለሙያ

ባለ ሁለት ክንፍ (በሁለት ጎኑ የሚታጠፍ ጣውላ ያለው) የማሆጋኒ ጠረጴዛችንን ያደሰልን ባለሙያ እጁ ይባረክ! ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ አይወድም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንናገራለን። ለንደን ውስጥ የቆየ የእንግሊዝ የቤት ዕቃ ያላችሁ ግን አሠራሩን እወቁት።

ጠረጴዛው ሮበርት ጊሎው እ.ኤ.አ. በ1730 ገደማ ላንካስተር ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ሥራ ነው። ማሆጋኒው ከካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ ይመጣ ነበር፤ እዚያ እንጨቱን ይቆርጡ የነበሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች መሆናቸውም አይዘለል። መሳቢያው ጠርዝ ላይ «ጊሎውስ ላንካስተር» የሚል ማኅተም አለ። ማኅተም የሌለው ሁሉ ግን የእነሱ አይደለም ማለት አይቻልም።

ዋናው ችግር ክንፉ ላይ ነበር። የክንፉ ጠርዝ ጎድጓዳ፣ የመሀለኛው ጣውላ ጠርዝ ክብ ሆኖ ነው የሚገጥሙት። ማጠፊያው ጥቂት ከላላ ሁለቱ ይፋተጉና ጠርዙ ይሰነጠራል። ብዙ አናጢ ጠርዙን ልጎ ይገላገላል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍተቱ አይገጥምም። እሱ ማጠፊያውን ነቀለ፣ የሰፉትን የብሎን ቀዳዳዎች በማሆጋኒ ደፈነ፣ የድሮዎቹን ብሎኖች ራሳቸውን መልሶ አሰረ። ጫፋቸው ዱልዱም፣ የመፍቻ ስንጥቃቸው ከመሀል የወጣ፣ በእጅ የተሞረዱ ናቸው፤ የዕቃው ዕድሜ ምስክር ስለሆኑ አይጣሉም።

የላላውን እግር ያጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው። ሙጫው በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ያድርና የሞቀ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል፤ በጣም ከጋለ ጉልበቱን ያጣል። ወደፊት መፍታት ሲያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። ነጩ ኮላ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ ቀጣዩ ጠጋኝ እንጨቱን ሰብሮ ነው የሚያወጣው።

ገጹን ብርጭቆ ወረቀት አላስነካውም። በ200 ዓመት የመጣው ቀለም ስስ ነው፤ ከተፋቀ የጠረጴዛው ዋጋም አብሮ ይፋቃል። አጽድቶ በስሱ የንብ ሰም ቀባው፣ አበቃ።

ከእናንተ የሚጠበቀው፦ ራዲያተር አጠገብ አታስቀምጡት፣ እንጨቱ በስፋቱ ሲኮማተር ጣውላው ይሰነጠቃል። ሲሊኮን ያለበት የሚነፋ ማወልወያ አይነካው። የጋለ ጀበናም ያለ ማስቀመጫ አይረፍበት፤ ነጭ ክብ ይተዋል።

የእሱ ወረፋ ካልደረሳችሁ የብሪታንያ የጥንት የቤት ዕቃ አዳሾች ማኅበር አባላትን ፈልጉ። ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት በየትኛው ሙጫ እንደሚሠራና ገጹን ይፍቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለንደን ያለው የዌስትሚንስተር ከተማ መዝገብ ቤትም ምስጋና ይገባዋል። የጊሎው የግምት ደብተሮች እዚያ ናቸው፤ የዕቃው ሥዕል፣ የገባው እንጨት መጠን፣ የሠራተኛው ስምና ክፍያ ተጽፎባቸዋል። ስትሄዱ የጠረጴዛውን ልክ በኢንች፣ የመሳቢያውንና የእግሩን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።