ደጅ የማያስጠና ስልክ፦ የኒው ዮርኩ 311 ሲገመገም

ኒው ዮርክ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ሲበላሽ፣ ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ሲያስጮህ፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ ወይም አስፋልት ሲቦረቦር የሚደወለው ቁጥር አንድ ነው፤ 311። ሌት ተቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው ያነሳዋል። ለሕይወት አደጋ፣ ለእሳትና ለወንጀል 911 አለ፤ የቀረው የከተማው ጉዳይ በዚህ በር ይገባል። አቤቱታ በመቀበል ረገድ 311 የትኛውም ትልቅ ከተማ ለነዋሪው ካቀረባቸው አገልግሎቶች ከምርጦቹ ተርታ የሚመደብ ነው። አቤቱታው ከገባ በኋላ ባለው ጉዞ ላይ ግን ባለጉዳዩ ራሱ ካልነቃ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥንካሬውም ድክመቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ያቋቋሙት ከንቲባ ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ።

እኚህ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ በ1942 ቦስተን ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጆንስ ሆፕኪንስ በኤሌክትሪክ ምህንድስና፣ ከሃርቫርድ በንግድ አስተዳደር ተመርቀው በ1966 ሳሎመን ብራዘርስ ከሚባለው የዎል ስትሪት ድርጅት ገቡ። በ1981 ድርጅቱ ለሌላ ባለቤት ሲተላለፍ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ድርሻቸው ግን 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ገንዘብ የቦንድና የአክሲዮን ዋጋ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ሠርተው ለባንኮች ያከራዩ ጀመር። የመጀመሪያው ደንበኛቸው ሜሪል ሊንች ነበር። ዛሬም የብሉምበርግ ተርሚናል የሚባለው ይኸው መሣሪያ የእርዳታ ቁልፍ አለው፤ ሁለቴ ሲጫኑት የሚመልሰው ሰው ነው። ደንበኛው ጉዳዩ የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት ማወቅ አይጠበቅበትም። ይህን ልብ ይሏል፤ 311 ማለት ይኸው ቁልፍ ለመላው ከተማ ሲሠራ ነው።

ብሉምበርግ በኖቬምበር 2001 ሲመረጡ ለምርጫ ዘመቻው ከኪሳቸው ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ደመወዛቸውን በዓመት 1 ዶላር አደረጉት። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥም የተለየ ቢሮ ትተው፣ እንደ ዎል ስትሪት የግብይት አዳራሽ ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ ያህል ባልደረቦቻቸው ጋር ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ስልክ በማውጫው ላይ 14 ገጽ ይሞላ ነበር። የጥሪ ማዕከላቱ ከ40 በላይ ነበሩ። ባለጉዳዩ ቅሬታውን ከማሰማቱ በፊት የመንግሥቱን አወቃቀር ማጥናት ነበረበት፤ የመንገድ ጉድጓድ ለማን፣ የውሃ ፍሳሽ ለማን፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ለማን እንደሆነ። ሐሳቡን እሳቸው አልፈጠሩትም። ባልቲሞር በ1996 ቁጥሩን አስቸኳይ ላልሆነ የፖሊስ ጉዳይ፣ ቺካጎ በ1999 ለከተማ አገልግሎት ሁሉ ተጠቅመውበታል። በኒው ዮርክ ስፋት ግን ማንም አልሞከረውም ነበር። ከንቲባው ሥራ በጀመሩ በ15ኛው ወር፣ ማርች 9 ቀን 2003፣ አገልግሎቱ ተከፈተ። በ2010 የተቀበለው ጥሪ 100 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ከከተማው ውስጥ 311፣ ከከተማው ውጭ 212-639-9675 ይደወላል። በጽሑፍ መልእክት 311692 ነው፤ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያም አለው። መረጃ ብቻ ለሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ ዛሬ መንገድ ይጸዳል ወይስ መኪናዬን ላቁም ብሎ ለሚጠይቅ፣ ስልኩ እንከን የለውም። አቤቱታ ለሚያስገባ ሰው ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ የችግሩ ዓይነት፣ ቦታውና የባለጉዳዩ አድራሻ። ቦታውን በመንገድ ስም ብቻ መናገር አይበቃም። ብሮድዌይ የሚባል ጎዳና በማንሃተንም በብሩክሊንም በኩዊንስም ስላለ ቦሮውን (ማንሃተንን ወይም ብሩክሊንን የመሰለውን የከተማ ክፍል)፣ የቤት ቁጥሩንና የሚያቋርጠውን መንገድ ጨምሮ መናገር ያስፈልጋል። በመጨረሻ የአቤቱታ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ቁጥር ሳይጽፉ ስልኩን መዝጋት አይገባም፤ ነገ ጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ መያዣው እሱ ብቻ ነው።

311 ራሱ አንዳች ነገር አይጠግንም። አቤቱታውን መዝግቦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል፣ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ የችግሩን ዓይነት በትክክል መሰየም ከሁሉ ይበልጣል። ጩኸትን እንውሰድ። የጎረቤት ሙዚቃና ድግስ ለፖሊስ ይሄዳል። የግንባታ ጩኸት፣ የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅና የውሻ ጩኸት ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። ፖሊስ ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ካልያዘው በ8 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል ተብሎ ነው የሚጠበቀው፤ ድግሱ ግን 8 ሰዓት አይቆይም። ፖሊስ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ካለ አቤቱታው «በቦታው ጥፋት አልታየም» ተብሎ ይዘጋል። ስለዚህ የጎረቤት ጩኸት የሚደጋገም ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ፣ ጩኸቱ እንደጀመረ መደወል እንጂ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መደወል ብዙም አይጠቅምም። ግንባታን በተመለከተ የተፈቀደው ሰዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ነው (በኢትዮጵያ ሰዓት)። ከዚያ ውጭ ለመሥራት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ አላቸው ወይ ብሎ 311ን መጠየቅም ይቻላል።

የመንገድ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ታቹ የሚታይ ከሆነ ተራ ጉድጓድ ነው፣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ይደፈናል። ጠርዙ ተቀዳዶ ከሥሩ ባዶ ቦታ የሚታይ ከሆነ ግን መንገዱ ወደ ውስጥ መስመጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ መነሻው የሚያፈስ የውሃ ወይም የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ይህን ተራ ጉድጓድ ብሎ ያስመዘገበ ሰው አስፋልት ይደፈንለታል፣ ቧንቧው ማፍሰሱን ይቀጥላል፣ መንገዱም ተመልሶ ይሰምጣል።

ብዙ ተከራይ የሚቸገርበት የማሞቂያው ጉዳይ ስለሆነ እሱን ዘርዘር እናድርገው። ሕጉ የሚሠራው ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ የውጭው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች ከወረደ፣ ቤት ውስጥ ቢያንስ 68 መሆን አለበት። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ደግሞ የውጭው ምንም ይሁን ምን ቢያንስ 62። በሴልሺየስ ቅደም ተከተሉ 13፣ 20 እና 17 ገደማ ይሆናል። ሙቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ 120 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም 49 ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ቀን ላይ ውጭው 58 ሆኖ ቤቱ 64 ቢሆን ይበርዳል፤ በሕጉ ዓይን ግን ጥፋት የለም፣ አቤቱታውም ይወድቃል። ስለዚህ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቶ ከመስኮትና ከራዲያተር ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የውስጡንና የውጭውን ሙቀት ከነሰዓቱ መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከተደወለ በኋላ የከተማው የቤቶች መሥሪያ ቤት ወዲያው ሰው አይልክም። መጀመሪያ ለአከራዩ ያሳውቃል፣ ቀጥሎ ተከራዩን መልሶ ደውሎ «ማሞቂያው መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። መጣ ከተባለ አቤቱታው ይዘጋል፤ አልመጣም ከተባለ ተቆጣጣሪ ይላካል። ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አከራይ ማሳወቂያው ሲደርሰው ማሞቂያውን ለጥቂት ሰዓት ያበራና መልሶ ያጠፋዋል። ተከራዩ የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት አያነሳም፣ ወይም ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሥራ ላይ ነው። በአንድ ሕንፃ ከብዙ ተከራዮች የገባ ተመሳሳይ አቤቱታም አንድ ላይ ሊጠቀለል ይችላል። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ይሠራል፦ ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር በየቀኑ አዲስ አቤቱታ ማስገባት፣ ጎረቤቶችም እያንዳንዳቸው በስማቸው እንዲያስገቡ ማድረግ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ መያዝ። ጉዳዩ ወደ ቤቶች ፍርድ ቤት ከሄደ ያ ወረቀት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በከተማው የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፤ የቤቶቹ አስተዳደር የራሱ የጥሪ ማዕከል ስላለው የጥገና አቤቱታው እዚያ መግባት አለበት።

ትልቁ ጉድለት «ተዘግቷል» የሚለው ቃል ነው። በ311 መዝገብ ተዘጋ ማለት መሥሪያ ቤቱ በጉዳዩ ላይ የሚያደርገውን አድርጎ ጨርሷል ማለት እንጂ ችግሩ ተወግዷል ማለት አይደለም። ይህ የነጋዴው ውርስ ነው። በንግድ ዓለም ደንበኛ ካልረካ ሌላ ጋ ይሄዳል፣ ገቢው ሲቀንስ ድርጅቱ ይደነግጣል። ስለዚህ የተዘጋ ጥያቄ መቁጠር እዚያ ያን ያህል አይጎዳም። የኒው ዮርክ ነዋሪ ግን ሌላ ማዘጋጃ ቤት የለውም። ያልረካ ባለጉዳይ ከመዝገቡ ላይ ከረካው ጋር አንድ መልክ ይዞ ይቀመጣል።

በሌላ በኩል ያው የመቁጠር ልማድ ማንም ያላሰበውን ፍሬ ሰጥቷል። ከ2005 ጀምሮ ማንሃተን ላይ አልፎ አልፎ እንደ ሜፕል ሽሮፕ (ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ ማጣፈጫ) የሚጣፍጥ ሽታ እየመጣ ሰዉ መርዝ ይሆን እያለ ወደ 311 ይደውል ነበር። የከተማው ባለሙያዎች የጥሪዎቹን ቦታና ሰዓት ካርታ ላይ አስቀምጠው ከነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ጋር አገናዘቡት። በ2009 መልሱ ተገኘ፦ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ ኒው ጀርዚ ውስጥ የሽቶና የማጣፈጫ ቅመም ፋብሪካ ነበር፤ ሽታውም የአብሽ ነው። አብሽ የሚያውቅ አፍንጫ ቀድሞ ሳይጠረጥር አይቀርም ነበር። ከ2010 ወዲህ ያሉት አቤቱታዎች ዛሬ በከተማው የመረጃ ድረ ገጽ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ቤት ለመከራየት የሚያስብ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት የሕንፃውን አድራሻ አስገብቶ ባለፉት ክረምቶች ስንት የማሞቂያ አቤቱታ እንደቀረበበት ማየት ይችላል። ይህ አገልግሎት ብዙ ሰው የማይጠቀምበት፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ነው።

መዝገቡ ሲነበብ ግን 311 የሚቆጥረው ጥሪን እንጂ ችግርን እንዳልሆነ መርሳት አይገባም። አከራዩን የሚፈራ ወይም ቋንቋ የሚቸግረው ሰው የሚኖርበት ሠፈር ጥሪው ጥቂት ስለሆነ ሰላም የሰፈነበት ይመስላል።

የንግድ ልምድ በራሱ ከተማ እንደማያስተዳድር የብሉምበርግ ዘመን ሌላም ማስረጃ አለው። በ2010 መጨረሻ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ አድርገው ከመጽሔት ንግድ ያመጧቸው ካቲ ብላክ በ2011 ሥራ ጀምረው ከሦስት ወር ጥቂት አልፎ ለቀቁ። ከብሉምበርግ በፊት የተጀመረው የከተማው ሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ከ63 ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ሲያሻቅብ ለዓመታት አልተገታም፤ በማጭበርበር ተከሶ ኮንትራክተሩ በ2012 ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዲሴምበር 2010 ላይ ሴንትራል ፓርክ 20 ኢንች በረዶ ሲወርድ ብዙ መንገዶች ለቀናት ሳይጠረጉ ቀሩ፣ አምቡላንሶችም በረዶ ውስጥ ተቀረቀሩ። ያን ሰሞን ስልክ የሚቀበል ሰው መኖሩ በረዶውን አላነሳውም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለት ነገር እንጨምር። በ2017 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ ጽሑፎች እንዲተረጎሙ የሚያዝባቸው 10 ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ከመድከም መደወል ይሻላል። የስልክ ትርጉም ከ175 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይሰጣል። ሲነሳ በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ ፕሊስ» ብሎ መስመር ላይ መጠበቅ ነው፤ አስተርጓሚ እስኪገናኝ ትንሽ ስለሚቆይ ዝም አለ ብሎ መዝጋት አይገባም። አድራሻውን ግን በእንግሊዝኛ ጽፎ ፊደል በፊደል ማንበብ ስህተት ይቀንሳል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ብሉምበርግ በ2003 በፈረሙት ትእዛዝ 41 መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች የነዋሪውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ በሚስጥር እንዲጠብቁ የታዘዙ መሆኑን ይወቅ።

አቤቱታው ያለ መፍትሔ ከተዘጋ አዲስ አቤቱታ አስገብቶ የቀድሞውን ቁጥር መጥቀስ፣ ሦስት የተዘጉ ቁጥሮች ሲሞሉ ደግሞ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ምክር ቤት አባሉ ቢሮ መሄድ ነው። የምክር ቤቱ አባላት 51 ናቸው፣ ከዚያ በታች 59 የማኅበረሰብ ቦርዶች አሉ። በ311 አድራሻ ሲያስገቡ የየትኛው ክልል ነዋሪ እንደሆኑ ይነግራል። ለእነዚህ ቢሮዎች «ማሞቂያ የለንም» ከሚል ቃል ይልቅ ቀን፣ ሰዓት፣ ዲግሪና የአቤቱታ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ገጽ ይሻላል፤ የቤቶች መሥሪያ ቤቱን ደውለው ሲጠይቁ የሚያነቡት እሱን ነውና።