መስቀለኛ የጭነት ኮርቻ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ኮሮጆው ይቆይ፣ እንጨቱ ይመለስ

ኮርቻው ሁለት የተጠረቡ ሳንቃዎች ናቸው፤ በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ይተኛሉ። በላያቸው ፊትና ኋላ ሁለት የእንጨት መስቀሎች ቆመዋል፤ የሸራ ኮሮጆዎቹ እነሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሁለት የሆድ ማሰሪያ፣ አንድ የደረት ጠፍር፣ ታፋውን ከኋላ የሚዞር አንድ ሰፊ ጠፍር አለው። አሠራሩ የአሜሪካ ምዕራብ ነው፤ የመጣውም ከዚያው በሻንጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዲንሾ እየተነሣ በሶዶታ፣ በዋሳማና በራፉ እያደረ አሥራ አንድ ጉዞ ሠርቷል። አብዛኛው ጉዞ አራት ቀን ነው።

ጉዱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ኮርቻው ከነጠፍሩ 10 ኪሎ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ሱፍ 2 ኪሎ፣ ባዶዎቹ ኮሮጆዎች 4 ኪሎ፤ ድምሩ 16። ለጋማ ከብት የሚመከረው ጭነት ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ነው። 220 ኪሎ ለሚመዝን ያገር ፈረስ ይህ 44 ኪሎ ይሆናል። 16ቱ ሲነሣለት 28 ይቀራል። ከዚያ ደግሞ የራሱ ገብስ አለ፤ በቀን 1.5 ኪሎ ቢባል ለአራት ቀን 6 ኪሎ። ጥርና የካቲት ላይ ሣሩ ደርቆ ስለሚያልቅ ገብሱን መቀነስ አይቻልም። ለሰው የሚተርፈው እንግዲህ 22 ኪሎ ነው።

ያገሩ ድልድል፣ ጀርባ ላይ የሚነጠፈው የጭነት ትራስ፣ በገለባ ታጭቆ ከነመጫኛ ገመዱ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ኮሮጆዎቹን እላዩ ላይ ቢያስሩ እንኳ፣ ገብሱም ተነሥቶለት፣ ለሰው ዕቃ 28 ኪሎ ይተርፋል። 75 ኪሎ ዕቃ ይዞ ለሚወጣ ቡድን ልዩነቱ አንድ ፈረስ ነው፦ በመስቀለኛው አራት፣ በድልድል ሦስት። የአንድ ፈረስ የአራት ቀን ኪራይና መኖ ከፍሎ እንጨት ማጓጓዝ ማለት ነው። «ኧረ ግማሽ ኩንታልም ይችላል» የሚል አይጠፋም። ይችላል፤ መልሱ የሚታየው በሦስተኛው ቀን ጀርባው ላይ ነው።

የልኩ ነገር ግን ከክብደቱም ይብሳል። ሳንቃዎቹ 58 ሴንቲሜትር ይረዝማሉ። ጭነት ከመጨረሻዋ ጎድን አልፎ ወገብ ላይ መውጣት የለበትም፤ ያገሩ ፈረስ ጀርባው አጭር ስለሆነ የሳንቃው ጫፍ ብዙ ጊዜ እዚያው ወገቡ ላይ ያርፋል። የሳንቃው ጥርብ ደግሞ ለሰፊና ለደንዳና ጀርባ የተሠራ ነው። ከበጋ የወጣ፣ አከርካሪው ያገጠጠ ፈረስ ላይ ሲጫን ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከትከሻው በላይ ያለውን አጥንት ከሁለት ወገን ይነክሳል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ማታ ማደሪያ ሲደርሱ ጭነቱ እንደወረደ ሱፉን አንሥቶ ላቡን ማየት። ጀርባው እኩል ከራሰ ደህና ነው። በእርጥቡ መሐል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ከታየች ግን እንጨቱ እዚያ ላይ ተጭኖ ላብ እንዳይወጣ አድርጓል። በማግስቱ ፀጉሩ ይቆማል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ከዚያ ገጣባ ነው። ገጣባ ከያዘ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፤ ያ ፈረስ ባዶውን ይሄዳል፣ ጭነቱ ለሌሎቹ ይከፋፈላል፣ የሁሉም ሒሳብ ይፈርሳል።

የራሱ ፈረስ ያለው ሰው ሳንቃውን በሞረድ እያስተካከለ ልክ ሊያስይዘው ይችላል። ዲንሾ ላይ ግን ባለፈረሶች የሚጭኑት በተራ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ሌላ ጀርባ ይመጣል። ከአሥራ አንዱ ጉዞ ላቡ እኩል የታየው በአራቱ ብቻ ነው። ተጨማሪ ሱፍ መደረብም አላዋጣም፤ የጠበበው ላይ ሲደረብ ይበልጥ ይጠባል። ድልድል ላይ ባለፈረሱ ደረቋን ቦታ አይቶ በዚያ በኩል ገለባውን በጣቱ መዝዞ ጎድጎድ ያደርግለታል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለእንጨቱ ፍትሕ ለመስጠት፣ ጠፍሮቹ ግሩም ናቸው። ከሰነቴ አምባ ወደ ሪራ በሚወርደው ቁልቁለት የታፋው ጠፍር ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት አጥብቆ ይዟል። ፈረሱ ሲቆም በጠፍሩና በታፋው መካከል መዳፍ መግባት አለበት፤ ከጠበቀ በአንድ ቀን ፀጉር ይልጣል። የሆድ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ መጥበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ሲጫን፣ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት ከተሄደ በኋላ። ብልጥ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፤ ትንሽ ሲራመድ ይለቀዋል፣ ማሰሪያውም ይላላል።

የግራና የቀኝ ኮሮጆ ልዩነት ከአንድ ኪሎ እንዳይበልጥ የእጅ ሚዛን መያዝ ግድ ነው። በዌብ ሸለቆ ሜዳው በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ፈረስ በየመሐሉ እግሩ ይገባበታል። የተዛባ ጭነት በአንድ እንዲህ ያለ መሰናከል ወደ ሆድ ይዞራል። ከባዱ ዕቃ (ዱቄት፣ ገብስ፣ ድስት) ከታችና ወደ ፈረሱ ጎን፤ መኝታና ልብስ ከላይ። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ስለማይፈቀድ ላምባ መያዝ አይቀርም፤ እሱ ከገብሱ ጋር በአንድ ኮሮጆ አይገባም። የጀሪካኑ ክዳን ትንሽ ካዘመመ ገብሱ ይሸታል፣ ፈረስ ደግሞ ላምባ የነካውን ገብስ አሽትቶ ይተወዋል።

የኮሮጆዎቹ ሸራ ጠንካራ ነው። ጎናቸው አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲፋቅ ቆይቶ ከመገርጣት በቀር ምንም አልሆነም። ድክመቱ ታቹ ነው፤ የራፉ ድንጋይ ሁለቱንም ማዕዘን በስቷል። የመኪና ከመነዳሪ ቆርጦ በወስፌና በናይሎን ክር መስፋት በቂ ነው፤ አዲስ ሲገዛ ከመጀመሪያው ቢሰፋ ይመረጣል። ሸራው ውሃ አያስገባም ቢባልም ስፌቱ ያስገባል። ሚያዝያ ላይ ዝናብ የመታቸው ኮሮጆዎች ሁለት ኪሎ ጨምረው ነው የገቡት። በከፍታው ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ እርጥቡ ሸራ በረዶ ሠርቶ እንደ ሳንቃ ይገተራል፣ ቋጠሮም አይፈታም። ስለዚህ ማታውኑ ፈትቶ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ነው።

ጠፍሮቹም አብረው ይግቡ። ላብ የጠጣ ቆዳ ጨዋማ ነው፤ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ እዚህም አለ። እርጥብ ቆዳን እሳት ዳር ማድረቅ ይሰነጥቀዋል፤ ጥላ ውስጥ ደርቆ ሞራ ቢቀባ ይለሰልሳል። መስቀሉን ከሳንቃው የሚያያይዙት ብሎኖች በበጋው ድርቀት እንጨቱ ሲሸማቀቅ ይላላሉ። ከየጉዞው በፊት በመፍቻ ማጥበቅ፣ የብሎኑ ራስ ከሳንቃው ሥር ብቅ አለማለቱንም በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንጨቱ ለባለ አንድ ፈረስ እንጂ ለተከራይ አይሆንም። ኮሮጆዎቹን ግን በድልድል መጫን ይቻላል። በአራት ጣት ስፋት ሁለት የናይሎን ጠፍር፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱን ኮሮጆዎች በጀርባው ላይ ያያይዛሉ፤ ከዚያ መጫኛው ከላይ ወደ ሆድ ዞሮ ያጠብቃል። ድልድሉ መሐሉ ላይ፣ በአከርካሪው መስመር፣ ቦይ ያለው መሆን አለበት፤ ጠፍሩ በሁለቱ የገለባ ጥቅሎች ላይ ሲያርፍ በቦዩ ውስጥ ሁለት ጣት ካልገባ፣ ገለባው ስለተጨፈለቀ ከመጫን በፊት እንደገና ይታጨቅ።