ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ለምትወጡ፦ ይህን ሹፌር ያዙ

ወንድሜ ከሚኖርበት ከእንግሊዝ ተነሥቶ ዌልስ ሲዘዋወር፣ ስኖውደን ተራራን በእንፋሎት ባቡር ሲወጣ የቀረጸውን ቪዲዮ ለስድስት ዓመቱ ልጄ ከላከለት ወዲህ ቤታችን ዕረፍት የለውም። «እኛስ መቼ ነው በባቡር ተራራ የምንወጣው?» ነው ሥራው። ጎንደር ላይ ባቡር ከየት ይምጣ! ሲጨንቀኝ ለእሑድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝሁና እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ወጣሁ።

ሹፌሩን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ዘገየብን፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ መሆኑን ግን ቀድሞ ደውሎ ነግሮኛል። ሌላ የምወቅሰው ነገር የለኝም።

ልጄ ጋቢና ገብቶ «ጋሼ፣ ይኼ ባቡር ነው?» አለው። «አዎ፣ ክላክሱ ያንተ ሥራ ነው» አለና መሪውን ያዘ። ወለቃን ሳናልፍ ልጁ አስተማሪ ሆነ፦ የስኖውደን ባቡር ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፣ በሐዲዱ መሃል ጥርስ አለው፣ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ፉርጎውን እየገፋ ነው የሚያወጣው። ሹፌሩ ከልቡ ነው የሚጠይቀው። «የተራራው ጫፍስ ስንት ሜትር ነው?» ሲለው «1,085!» አለ። «እንግዲያ የአንተ ቤት የሱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።» እውነቱን ነው፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲያ አልተቻለም።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ልጅቷን አቅለሸለሻት። ሳንጠይቀው ዳር ይዞ ቆመ፤ ፌስታልና ውኃ አቀበለን፤ ፊቱን እንኳ አላጠቆረም። ባለፈው ዓመት የያዝነው ሌላ ሹፌር መቀመጫዬ ቆሸሸ ብሎ ይህችኑ ልጅ አስለቅሷት ስለነበር ይህ ነገር ልቤን ነካው።

ደባርቅ በፓርኩ ቢሮ መግቢያ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዘን ቡይት ራስ ደረስን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደረታቸው ቀልቶ፣ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። እናቴ «ኧረ እነዚህስ እንደ በሬ ይግጣሉ!» ብላ ድፎውን ልትቆርስላቸው ስትል ሹፌሩ «እማማ፣ ዳቦ ከለመዱ ሰው ይዳፈራሉ» ብሎ በፈገግታ መለሳት። ከዚያ የሄድንበት ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ስለሆነ እናቴን ትንፋሽ አጠራት፤ ክንዷን ይዞ ቀስ እያለ ያራመዳት እሱ ነው። እኔ ፎቶ ላይ ነበርሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የወረደው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ፍሬን ላይ ብቻ ከተንጠለጠልህ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም» አለኝ። ማታ ቤታችን በር ላይ ከተነጋገርነው በላይ ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ።

ሹፌራችን፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እናቴ እስካሁን ትመርቅሃለች። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቀኑን ብቻ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፣ ነዳጁን በዋዜማው ይሙላ።