የብሎን ክሪክ ወይስ የዘይት ክሪክ?

ሁለቱም መኪና ያነሳሉ። ልዩነቱ የሚገባዎት እጀታውን ሲይዙ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚወጣ የብሎን ክሪክ እንውሰድ። የእጀታው ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እጅዎ አንድ ዙር ሲዞር 1.26 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብሎኑ ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጉልበትዎ 314 ጊዜ ይባዛል። ይህ መካኒካዊ ብልጫ የሚባለው ነው፤ በወረቀት ላይ።

በዘይቱ ክሪክ ደግሞ የትንሹ ፒስተን ዲያሜትር 1፣ የትልቁ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የትልቁ ስፋት የትንሹን 9 እጥፍ ስለሚሆን ጉልበቱም 9 ጊዜ ይባዛል። እጀታው ደግሞ 20 ጊዜ ሲያባዛው 180 ይሆናል።

ታዲያ ብሎኑ አሸነፈ? ኧረ የለም! የብሎን ጥርስ እርስ በርሱ ሲፋተግ አብዛኛውን ልፋትዎን ሰበቃ ይበላዋል። ብቃቱ 25 በመቶ ነው ብንል 314ቱ ወደ 78 ይወርዳል። ዘይቱ 80 በመቶ ቢሠራ 144 ይቀረዋል። 500 ኪሎ ለማንሳት በብሎኑ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ በዘይቱ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይገፋሉ። መንገዱም ይለያያል፦ 20 ሴንቲ ሜትር ለማንሳት በብሎኑ እጅዎ 63 ሜትር ይዞራል፣ በዘይቱ ሲጫን 36 ሜትር።

ግን ያ ሌባ ሰበቃ ውለታም አለው። እጀታውን ሲለቁት ብሎኑ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ጭነቱን የያዘው ሰበቃው ነው። እንዲያውም በራሱ የሚቆም ብሎን ብቃቱ ከ50 በመቶ በታች መሆኑ ግድ ነው። የዘይቱን ክሪክ ጭነት የያዙት ግን ቫልቩና ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎሚኒ ናቸው። ጎሚኒው ካረጀ መኪናው ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለነገሩ በሁለቱም ቢሆን የብረት መቆሚያ ሳያስገቡ ከሥር መግባት የለም።

በዓመት አንዴ ጎማ ለመቀየር ከሆነ እኔ ብሎኑን እመርጣለሁ። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ተጋድሞ ቢከርምም የሚያፈሰው ዘይት የለውም። ጥርሱን ግሪስ ይቀቡት እንጂ። ሥራዎ ጋራዥ ከሆነ ግን ዘይቱን ይግዙ፤ ክንድዎ ያመሰግንዎታል።

ሲገዙ የሚችለውን ቶን ብቻ አይዩ። ዝቅ ሲል ያለውን ቁመትም ይለኩ፤ መኪናዎ ሥር የማይገባ ክሪክ 10 ቶን ቢያነሳ ምን ይፈይዳል?