ለዓይነ ስውር ፕሮግራመር የቱ ጥንድ ይሻላል? ስክሪን ሪደርና ኤዲተር ሲወዳደሩ

«ጋሼ፣ ወንድሜ ሶፍትዌር ሊማር ነው። ላፕቶፕ ልገዛለት ብር አጠራቅሜያለሁ። ኮድ የሚጽፍበትን ፕሮግራምስ የቱን ልግዛለት?» አንዲት እህት በቅርቡ ደውላ እንዲህ ጠየቀችኝ። ወንድሟ እንደ እኔው ዓይነ ስውር ነው። እሷ የፈለገችው የአንድ ዕቃ ስም ነበር።

አንድ ስም ብቻ ልነግራት አልቻልኩም። እኛ የምንሠራው በጥንድ ነው። አንዱ ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ወይም በብሬል የሚነግረን። ሌላው ኮድ የምንጽፍበት ኤዲተር ነው። ሁለቱ ካልተግባቡ የወጣው ብር ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ስክሪን ሪደር ስክሪኑን እንደ ዓይን አያይም። ፕሮግራሙን ይጠይቃል። «እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው? ቁልፍ ነው? ጽሑፍ ነው? ጠቋሚው የት ደረሰ?» ይለዋል። ፕሮግራሙ መልስ ከሰጠ እኛ እንሰማለን። ካልመለሰ ዝም ነው። ሰብላይም ቴክስት የሚባለውን ኤዲተር ውሰዱ። ዓይናሞች ለፍጥነቱ ይወዱታል። ግን መልኩን በሙሉ ራሱ ስለሚስል ለዓመታት ስክሪን ሪደር የሚይዘው ነገር አላገኘበትም። እሱን ከዝርዝራችሁ ሰርዙት።

ስክሪን ሪደር፦ ኤንቪዲኤ ወይስ ጆውስ?

በዊንዶውስ ላይ ዋናው ፉክክር የእነዚህ የሁለቱ ነው።

ጆውስ አንጋፋው ነው። ቴድ ሄንተር የሚባል የቀድሞ የሞተርሳይክል ተወዳዳሪ በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ የጀመረው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዶስ ለሚባለው ለቀድሞው የኮምፒውተር ሥርዓት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ጥንካሬው ብዙ ነው። ኤሎኩዌንስ የሚባለው ድምፁ በጣም ፈጥኖ ሲያነብ እንኳ ቃላቱ አይደበላለቁም። የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ፣ አስቸጋሪ ሶፍትዌር ካለው፣ ጆውስን በስክሪፕት አስተካክሎ እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል።

ችግሩ ዋጋው ነው። ለዘለቄታው የሚገዛው ፈቃድ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሄዳል። የዶላር ካርድ ማግኘት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ ክፍያው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፤ ግን በየ40 ደቂቃው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ነው። ኮድ እየጻፉ፣ ሰርቨር እያስነሱ፣ በ40 ደቂቃ ሁሉንም መዝጋት ሥራ አያሠራም።

ኤንቪዲኤ ነፃ ነው። ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው። ጓደኛው ጄምስ ቴ፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ አብሮት ገነባው። ኮዱ ክፍት ነው፤ አብዛኛው የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፓይተን የሚማር ልጅ የሚያነብለትን ፕሮግራም ራሱ ከፍቶ ማየት ይችላል። ሲጎብዝ ተጨማሪ አድ-ኦን ሊጽፍለት ይችላል። ደግሞ በፍላሽ ይያዛል። ፍላሹን የሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሥራት ይቻላል።

ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ለኮድ ሥራ ኤንቪዲኤ ይበቃል። ይበቃል ብቻ ሳይሆን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ጆውስን የምመክረው አሠሪው ከከፈለና የመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር ካስገደደ ብቻ ነው። ቤተሰብ ከኪሱ አውጥቶ ጆውስ ሊገዛ ሲል ስሰማ ልቤ ያዝናል። ያ ብር የሚፈለግበት ሌላ ቦታ አለ፤ እመለስበታለሁ።

ማክ የሚገዛ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ቮይስኦቨር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ኮማንድና ኤፍ 5 አብሮ መጫን ነው፣ ይናገራል። ለአይፎን አፕ መሥራት የሚፈልግ ኤክስኮድ የሚባለው የአፕል ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ኤክስኮድ ደግሞ ማክ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ግን ለስክሪን ሪደር ብሎ ማክ መግዛት የለበትም። ሊነክስ ላይ ኦርካ አለ፤ ነፃ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

የዊንዶውሱ ናሬተርም አይረሳ። አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር አብሮ ሲጫን ይናገራል። ስለዚህ ልጁ ዓይናማ ሰው ሳይጠብቅ ኤንቪዲኤን ራሱ ይጭናል። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ በራስ እጅ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ኤዲተር፦ ስህተቱን የቱ ያሰማል?

ለዓይናማ ስህተት ማለት ከቃሉ ሥር የተሰመረ ቀይ መስመር ነው። ለእኛ ቀይ መስመር ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ኤዲተር ስታወዳድሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፤ ስህተቱን እንዴት ያሰማኛል?

ቪኤስ ኮድ እዚህ ላይ ከሁሉም ይቀድማል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ነፃ ኤዲተር ነው። ጠቋሚው ስህተት ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ አጭር ድምፅ ያሰማል። ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ ሲሞከር እንዲቆም የተመደበ መስመር) ላይ ሌላ ድምፅ፣ የታጠፈ ኮድ ላይ ደግሞ ሌላ። ድምፆቹን አንድ በአንድ እየሰሙ የሚለማመዱበት ዝርዝር አለው። ኤፍ 8 ሲጫን ወደሚቀጥለው ስህተት ዘሎ ምን እንደሆነ ይናገራል። ኦልትና ኤፍ 1 ያላችሁበትን ቦታ መመሪያ ይከፍታል። ኦልትና ኤፍ 2 ደግሞ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ጽሑፍ፣ የተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ክፍል) ውጤት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ረዳቱን ረጅም መልስ፣ መስመር በመስመር በሚነበብ ገጽ ያስቀምጠዋል። ይቺን የመጨረሻዋን ቁልፍ የማያውቅ ሰው ቪኤስ ኮድን ገና አላወቀውም።

ጉድለትም አለው። ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፤ ጀማሪ ይጠፋበታል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያዘዋውረውን ኤፍ 6 መጀመሪያ ይማር። ታብ ተጭኖ ከኤዲተሩ መውጣት ያቃተው ደግሞ ኮንትሮልና ኤም ይጫን። ከውጭ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖችም ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ጥሩ ያነባል፣ አንዳንዱ ባዶ ገጽ ይሆናል።

ትልቁ ቪዥዋል ስቱዲዮ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ስማቸው አያምታታችሁ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። ሲ ሻርፕ ለሚባለው የኮድ ቋንቋ ጎበዝ ነው፤ ከኤንቪዲኤም ከጆውስም ጋር ይግባባል። ለተማሪ ነፃው ኮሚዩኒቲ የሚባለው ነው። በሰባት ዓመቱ ዓይኑን ያጣው የማይክሮሶፍቱ ኢንጂነር ሳቂብ ሼክ በዚሁ ፕሮግራም ሲሠራ በአደባባይ አሳይቷል። ስክሪን ሪደሩ የሚያነብለት ላልለመደ ጆሮ በማይያዝ ፍጥነት ነው። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፤ ሲወርድ በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይበላል። በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው አስቀድሞ ያስብበት።

ፓይቻርም፣ ኢንቴሊጄና አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባሉት ኤዲተሮች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የተሠሩት ጃቫ በሚባል የኮድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ከስክሪን ሪደር ጋር የሚያገናኛቸው ጃቫ አክሰስ ብሪጅ የሚባል ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዩ ካልተከፈተ ዝም ይላሉ፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተዋቸው ይህን ሳያውቅ ነው። ከዚያም በሴቲንግ ውስጥ የስክሪን ሪደር ድጋፍ የሚለውን ማብራት ነው። ከተከፈተም በኋላ እንደ ቪኤስ ኮድ አይፈስም። የአንድሮይድ አፕ ሥራ ግዴታ ካልሆነ አትጀምሩበት። ለጃቫ ብቻ ከሆነ ኤክሊፕስ ይሻላል፤ ቁልፎቹንና ዝርዝሮቹን ከራሱ ከዊንዶውስ ስለሚወስድ ስክሪን ሪደር በቀላሉ ያነበዋል።

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሮጣል። ለመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው። ስህተት ግን አይነግርም።

ስለ ኢማክስፒክ ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ቲ.ቪ. ራማን የሚባለው ዓይነ ስውር የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ነው። ኢማክስ የሚባለውን ኤዲተር ከውስጥ ሆኖ ያናግረዋል። ስክሪኑን አያነብም፤ ኮዱን ነው የሚያነበው። ኮሜንቱን (ለሰው ተብሎ ኮዱ ውስጥ የሚጻፈውን ማስታወሻ) በአንድ ድምፅ፣ የቋንቋውን ቃላት በሌላ ድምፅ። ዓይናማ በቀለም የሚለየውን እኛ በድምፅ እንለያለን። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስካሁን አልሰማሁም። ለመልመድ ግን ወራት ይፈልጋል። ሊነክስ የለመደ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ይሞክረው።

ፓይተንና ባዶ ቦታ

ይቺ ለብቻዋ መነገር አለባት። ፓይተን ውስጥ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ትርጉም አለው። ዓይናማ በአንድ እይታ ያየዋል። እኛ ካልተነገረን አናውቀውም። እኔ በጀማሪነቴ አንዲት መስመር በአንድ ስፔስ ወጣ ብላ ሦስት ሰዓት ሙሉ አቃጥላኛለች። እያንዳንዱን ፊደል አንብቤያለሁ፤ ስህተቱ ግን ፊደል አልነበረም።

ኤንቪዲኤ ለዚህ መድኃኒት አለው። በሴቲንጉ ውስጥ ዶክዩመንት ፎርማቲንግ የሚለው ጋ ላይን ኢንደንቴሽን አለ። በንግግር ሲሆን «ፎር ስፔስ» ይላል። በቶን ሲሆን ግን መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲወጣ ይወፍራል። እኔ ቶኑን ነው የምጠቀመው። ከሳምንት በኋላ ጆሮ የኮዱን ቅርጽ እንደ ዜማ ይይዘዋል። ሥርዓተ ነጥቡንም ኢንሰርትና ፒ እየተጫኑ «ኦል» ላይ ማድረስ ነው። አለበለዚያ አንዳንድ ቅንፍና ነጥብ ሳይነበብ ያልፋል።

በአማርኛ የተጻፈ ኮሜንት ሲኖርስ? ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ግን ይሰማል። በእንግሊዝኛው ድምፅ ላይ እያሉ ፊደላችን በትክክል አይነበብም። ስለዚህ ሁለት ፕሮፋይል (ተቀምጦ የሚቆይ የሴቲንግ ስብስብ) አዘጋጅታችሁ በቁልፍ መቀያየር ይሻላል።

ታዲያ ብሩ የት ይሂድ?

ኤንቪዲኤና ቪኤስ ኮድ አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። የደወለችልኝ እህት ያጠራቀመችው ብር ወደ ዕቃው ይሂድ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ። ራም ከተቻለ 16 ጊጋባይት፤ ስክሪን ሪደር ሲንቀራፈፍ ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል። የስክሪኑ ጥራትና ውድ ግራፊክስ ካርድ ለእኛ ምንም አይጨምሩም፤ እዚያ ላይ ቆጥቡ። በምትኩ ጆሮ የማያደክም ባለ ገመድ ኢርፎን ግዙ። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ በፍጥነት ለሚሠራ ሰው ያቺ መዘግየት ታናድዳለች።

የብሬል ዲስፕሌይ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በብሬል ነጥቦች በጣት የሚያስነብበው ዕቃ፣ ከተቻለ ሀብት ነው። ቅንፍና ነጥብ በጣት ሲነካ ስህተት ቶሎ ይገኛል። ባለ 40 ሴሉ (በአንዴ 40 የብሬል ምልክት የሚያሳየው) ግን በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚሸጠው፤ ባለ 20ው ይረክሳል። አሠሪ ከሆናችሁና ለዓይነ ስውር ሠራተኛ ገንዘብ መድባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ አውጡት። ሌላም ነገር ልለምናችሁ፤ ስህተት ሲያጋጥም ስክሪንሾት አትላኩለት። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩለት። ይሄ ወጪ የለውም።

ለደወለችልኝ እህት በመጨረሻ የነገርኳት ይህንን ነው። ኤንቪዲኤንና ቪኤስ ኮድን በፍላሽ ያዢ፤ ሁለቱም ሳይጫኑ ከፍላሽ ይነሳሉ። ወንድምሽን ይዘሽው ወደ ሱቁ ሂጂ። ኪቦርዱን ራሱ ይዳስስ። ኤንቪዲኤ የሚታዘዝበት ኢንሰርት ከጠፋ ካፕስ ሎክን በምትኩ ማድረግ ይቻላል። ኤፍ 8፣ ኤፍ ኤን (Fn) የሚባለው ቁልፍ ሳይያዝ መሥራቱን ይይ፤ ብዙ ላፕቶፕ ላይ እነዚህ ቁልፎች ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ሆነው ነው የሚመጡት። ከዚያ በጃቫስክሪፕት ፋይል ውስጥ ሦስት መስመር ኮድ ይጻፍ፤ አንዷን ቅንፍ ሳይዘጋ ይተዋት። ኤፍ 8 ይጫን። ስህተቱን ማንም ሳይነግረው ራሱ ከሰማው፣ ያኔ ክፈዪ።