ጎካርና ወይስ ሙርዴሽዋር? ከአዲስ አበባ ለሚነሳ

ሁለቱም በህንድ ካርናታካ ግዛት፣ በአረብ ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ከቦሌ እስከ ቤንጋሉሩ በአውሮፕላን፣ ቀሪው በባቡር ወይም በሌሊት አውቶቡስ።

ሙርዴሽዋር አንድ ቀን ይበቃዋል፦ የሂንዱ አምላክ የሺቫ 37 ሜትር ሐውልት፣ በሊፍት የሚወጣ ባለ 20 ፎቅ የቤተ መቅደስ በር። ዳርቻው ግን በተሳላሚ ይጨናነቃል።

ጎካርና ሦስት ቀን ይገባዋል። ከኩድሌ ዳርቻ ወደ ኦም ዳርቻ በገደሉ አናት የእግር መንገድ አለ፤ ጫካ ለሚወድም የያና ጥቁር ዓለቶች በምዕራብ ጋትስ ተራሮች ደን ውስጥ ይገኛሉ። የጎካርናው የሺቫ ቤተ መቅደስ፣ የማሃባሌሽዋር፣ ውስጠኛ ክፍል ግን ሂንዱ ላልሆነ አይፈቀድም። (ጫማ ማውለቁስ ለእኛ አዲስ አይደለም።)

ፒያሳ ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እዚያም ሞንሱን ነው፤ ባሕሩ ለዋና አደገኛ ይሆናል። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ይውሰዱ፤ ካርድ የሌለው እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል።