ኬ27 አንቲቦዲ፦ ጎበዝ ነው፣ ማይቶሲስ (የሴል ክፍፍል) ላይ ግን አትመኑት

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ችግሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝም።

ዕቃው ይሄ ነው፦ ሂስቶን ኤች3 (ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ) ላይ ያለችው 27ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ላይሲን፣ ሦስት ሜቲል (ጂን እንዲዘጋ የሚያደርግ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት) ስትሸከም ለይቶ የሚይዝ የጥንቸል ሞኖክሎናል (ሁሉም ቅጂው አንድ ዓይነት የሆነ) አንቲቦዲ። አንቲቦዲ ማለት ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ የያዘው ቦታ በማይክሮስኮፕ ደምቆ ይታያል። ላብ ውስጥ በአጭሩ "ኬ27" ነው የምንለው። ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። የሴት ሴሎች ላይ ስሞክረው ኒውክለሱ ውስጥ አንዲት ደማቅ ነጥብ ቁልጭ ብላ ወጣች። የተዘጋችው ኤክስ ክሮሞሶም ናት። ሴት ጽንስ ገና በለጋነቷ ከሁለቱ ኤክስ አንዷን ትዘጋለች፣ መዝጊያው ላይ ከሚያርፉት ማኅተሞች አንዱ ይሄው የ27ኛዋ ላይሲን ሦስት ሜቲል ነው። የወንድ ሴል ላይ ነጥቧ የለችም። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ቀድሜ የማየው ይሄንን ነው፤ ነጥቧ ካልወጣች ሌላ ሥራ አልጀምርበትም።

ሁለተኛውን ፈተና በጣም ወድጄዋለሁ። 27ኛዋ ላይሲን ላይ ሜቲል የምትለጥፈው በዋናነት ኢዜድኤች2 የምትባል ኢንዛይም ናት። እሷን የሚያግድ መድኃኒት ሴሎቹ ላይ ጨመርኩና በየቀኑ አየኋቸው። ምልክቱ ባንዴ ድርግም አላለም፣ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ አሮጌዎቹ ሂስቶኖች ለሁለቱ ቅጂዎች ይከፋፈላሉ፣ የጎደለውን ደግሞ ገና ምንም ያልተጻፈባቸው አዳዲስ ሂስቶኖች ይሞሉታል። በደህናው ቀን የኢዜድኤች2 ባልደረባ የሆነችው ኢኢዲ አሮጌውን ምልክት ትይዝና "እዚህ ጎንም ጻፊ" እንደማለት ኢንዛይሟን ታነቃቃታለች። ጽንስ ሲያድግ በየቦታው የተዘጉት ሆክስ ጂኖች (የትኛው የአካል ክፍል የት እንደሚሠራ የሚወስኑት) ሴሉ ስንት ጊዜ ተከፋፍሎም ተዘግተው እንዲቆዩ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጸሐፊዋ ስትታገድ ግን ምልክቱ በየክፍፍሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንቲቦዲው ይሄንን ደረጃ በደረጃ አሳየኝ። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ማይቶሲስ ላይ ያሉ ሴሎች ፈልጌ አየሁ። ክሮሞሶሞቹ በዲኤንኤው ቀለም ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ፣ በአንቲቦዲው በኩል ግን ጭልም ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ሴል ሲከፋፈል ሜቲሉ ይነሳል ማለት ነው!" እያልኩ ስፈነድቅ ከረምኩ። የላብ ስብሰባ ላይም አቀረብኩት፣ ጉድ ነው። አንዷ ባልደረባዬ "28ኛዋስ?" አለችኝ፣ በቃ። ከ27ኛዋ ላይሲን አጠገብ 28ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን፣ አለች፣ ሴል ማይቶሲስ ሲገባ እሷ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ሜቲሉ የትም አልሄደም፤ ፎስፌቱ ከልሎበት አንቲቦዲው ነው ያላየው። ስላይዱን ፎስፌት በሚነቅል ኢንዛይም ካቆየሁ በኋላ አንቲቦዲውን ደግሜ ስጨምርበት ክሮሞሶሞቹ ቦግ አሉ።

በነገራችን ላይ ሴሉ ራሱ ይሄን ዘዴ ይጠቀምበታል። 9ኛዋ ላይሲን ሦስት ሜቲል ሲኖራት የሚይዛት ኤችፒ1 የሚባል ፕሮቲን ማይቶሲስ ላይ አብዛኛው ይለቃል፣ ሜቲሉ ስለጠፋ ሳይሆን ኦሮራ ቢ የምትባለው ኢንዛይም አጠገቧ ያለችው 10ኛዋ ሴሪን ላይ ፎስፌት ስለምትለጥፍ። ይሄ በ2005 የታተመ ነገር ነው። ታዲያ ስንት ዓመት የታወቀውን ጉዳይ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ወረቀት በአንድ መስመር እንኳን አለማንሳቱ ነው ያናደደኝ።

ሌላም አለ። የ9ኛዋና የ27ኛዋ ሰፈር አንድ ዓይነት ነው፦ አላኒን፣ አርጊኒን፣ ላይሲን፣ ሴሪን። ስለዚህ ብዙ አንቲቦዲ ሁለቱን ያምታታል። ይሄኛውን ፔፕታይዶች (አጫጭር የሂስቶን ቁራጮች) ሜምብሬን ላይ አንጠባጥቤ ስፈትነው 9ኛዋን ነካ አያደርጋትም ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሜቲል ብቻ ያላትን 27ኛዋን ግን ትንሽ ይነካካል። ለእኔ ሥራ ችግር አልሆነም።

በክፍፍል ላይ ላልሆነ ሴል ወይም ለጽንስ ቲሹ ከሆነ ግዙት። ማይቶሲስ ከሆነ የምታጠኑት ፎስፌቱን ሳትነቅሉ ምንም አትደምድሙ። ለድርጅቱ ፎቶዎቹን አያይዤ ኢሜይል ጽፌ ነበር፣ "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣልኝ። ባለፈው አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ ወረቀቱን ገልጬ አየሁ፣ ያው ነው።